ፕሮጀክቱ ሰነድ አይደለም

ስለ ዓይነታዊ ምርምር ሶፍትዌር ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ኮድ ነው፤ ኮዱ ስለሚያድርበት ፋይል ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም። ኤንቪቮ፣ አትላስ ቲአይና ማክስኪውዲኤ ቃለ መጠይቁን፣ የቡድን ውይይቱንና የመስክ ማስታወሻውን በአንድ ቦታ ሰብስቦ አንቀጽ በአንቀጽ ኮድ ለመስጠት የተሠሩ መሆናቸውን በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ያውቃል። ፕሮግራሞቹ ሥራውን የሚያኖሩበት «ፕሮጀክት» የሚባለው ነገር በዴስክቶፕ ላይ አንድ ትንሽ ምስል ሆኖ ስለሚታይ ከዎርድ ሰነድ ጋር ይምታታል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ መምታታት ነው። ፕሮጀክት ዳታቤዝ ነው፤ እንደ ደብዳቤ ሳይሆን እንደ ጎተራ ሊያዝ ይገባዋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ፋይሉ ጎግል ድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ላይ ተቀምጦ «ሁላችንም ከዚያው እንሥራ» ሲባል ነው። ዎርድ ሰነዱን የሚጽፈው «አስቀምጥ» ሲባል ነው፤ ዳታቤዝ ግን ፕሮግራሙ ክፍት እስካለ ድረስ በውስጡ እየጻፈ እየሰረዘ ይቆያል። የማመሳሰያው ፕሮግራም ይህን አያውቅም፤ ባገኘው ቅጽበት በግማሽ የተጻፈውን ገልብጦ ወደ ሌላው ኮምፒውተር ይልካል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከከፈቱት ደግሞ ወይ ሁለት የሚጣረሱ ቅጂዎች ይፈጠራሉ፣ ወይ የኋለኛው የፊተኛውን ይውጠዋል። አምራቾቹ ራሳቸው ሥራ ላይ ያለን ፕሮጀክት በእንዲህ ያለ አቃፊ እንዳናስቀምጥ ያስጠነቅቃሉ። «ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን፣ ምንም አልሆነም» የሚል ክርክር ይነሳል። ነገር ግን «ምንም አልሆነም» የሚለው በምን ታወቀ? ጉዳቱ ሁልጊዜ ፋይሉ አልከፈት በማለት አይገለጥም። ብዙ ጊዜ ፋይሉ በሰላም ይከፈታል፤ የጎደለው ባለፈው ሐሙስ የተሰጠው ኮድ ነው። ኮዱን የቆጠረ ስለሌለ የጎደለውን የሚያስተውል የለም። ድራይቩ የተዘጋና ቀን የተጻፈበት የመጠባበቂያ ቅጂ ለማኖር ግን ግሩም ቦታ ነው፤ የምቃወመው እዚያው ላይ መሥራትን ብቻ ነው።

ታዲያ በቡድን እንዴት ይሠራል? አንድ ሰው ዋናውን ፕሮጀክት ይይዛል፣ ለየሰዉ ቅጂ ይሰጣል፣ በተወሰነ ቀን ሰብስቦ ያዋህዳል። ቀላል ይመስላል፤ ውህደቱን የሚያፈርሰውን ለመረዳት ግን ኮድ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮጀክትን ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ለማሻገር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ረፊ-ኪውዲኤ የሚባል የጋራ ቅርጸት አለ። ፋይሉ ተራ ዚፕ ነው፤ የስሙን ቅጥያ ወደ ዚፕ ለውጦ የከፈተ ሰው የሰነዶቹን አቃፊና አንድ የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ያገኛል። ይህን ሶፍትዌር ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። እዚያ ውስጥ ኮድ ማለት ቀለም የተቀባ አንቀጽ ሳይሆን ቁጥር ነው፦ ከዚህ ሰነድ፣ ከ1204ኛው እስከ 1377ኛው ፊደል፣ ኮድ የሰጠው እገሌ፣ የሰጠበት ሰዓት ይህ። አሁን አንድ የአማርኛ ቃለ መጠይቅ እናስብ። ገልባጩ እንደ ብዙዎቻችን ከአራት ነጥብ ይልቅ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቷል። ከኮድ ሰጪዎቹ አንዱ፣ ጠንቃቃው፣ ይህ አላስደሰተውምና በራሱ ቅጂ ላይ አንድ በአንድ ወደ ትክክለኛው አራት ነጥብ አረመው። ሁለት ምልክት አንድ ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው ፊደል ሁሉ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይጠጋል፤ አርባ ዓረፍተ ነገር ሲታረም የመጨረሻው አንቀጽ አርባ ቦታ ይርቃል። የእሱ ፕሮግራም ኮዱን አብሮ ያንቀሳቅሳል፤ የባልደረባው ግን በአሮጌው ቁጥር ላይ ነው። በውህደቱ ሰዓት ሶፍትዌሩ የሚያየው በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት የተለያዩ ሰነዶችን ነው፤ የሁለቱም ኮድ በየራሱ ሰነድ ላይ ይቀራል፤ ማነጻጸርም አይቻልም። በዚህ ሰውየውን የሚወቅሱ አሉ። የሚወቀሰው ግን እርማት ያላለቀለትን ግልባጭ ያከፋፈለው ነው። ማስነበብ፣ ማረም፣ በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈውን ወደ ዩኒኮድ መመለስ፣ ሁሉም ቅጂው ከመባዛቱ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከዚያው የኤክስኤምኤል መስመር ላይ ያለው «እገሌ» ሌላው ቸል የሚባል ነገር ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ላፕቶፕ ላይ እየተፈራረቁ በአንድ ተጠቃሚ ስም ከሠሩ፣ ለሶፍትዌሩ የሠራው አንድ ሰው ነው፤ በኮድ ሰጪዎች መካከል ያለውን ስምምነት ካፓ በሚባለው መለኪያ ማስላትም አይቻልም። ፕሮግራሙ ሲከፈት ስም የሚጠይቀው ለይስሙላ አይደለም።

«አትላስ ቲአይ በድረ ገጽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያለውና መረጃው በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ያገኘ ቡድን ቢጠቀምበት ይጠቀማል። ሁለቱን የማያሟላ ግን ከቅጂና ውህደት አይወጣም። ወደ ሌላ ሶፍትዌር መሻገርም ሁሉን አይፈታም፤ ረፊ-ኪውዲኤ የማይመልሰው አለ፦ ሰነዱን፣ ኮዱንና ሜሞውን ያሻግራል፤ የአንዱ ሶፍትዌር ብቻ የሆኑ መገልገያዎች ግን እዚያው ይቀራሉ።

ቅጂው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይገጥማሉ። አንደኛው ከሚፈለገው ማነስ ነው፤ የፕሮጀክቱ ፋይል ብቻ ይላክና ከውጭ የተቀመጠው ይቀራል። ማክስኪውዲኤ ድምፅና ቪዲዮን ከፕሮጀክቱ ውጭ በሌላ አቃፊ ያኖራል፤ ኤንቪቮም ትልልቁን እንዲሁ ያደርጋል፤ የአትላስ ቲአይ እስከ 7ኛው እትም የነበረው ፋይል ጭራሹን የሰነዶቹን አድራሻ ብቻ ነበር የሚይዘው። ሁለተኛው ከሚገባው መብዛት ነው። በሪፖርቱ ውስጥ «ተሳታፊ 7» የተባለችው ሴት በፕሮጀክቱ ውስጥ ከነስሟና ከነቀበሌዋ አለች፤ ተመራማሪው ስለ እሷ በሜሞ የጻፈው ግምትም አብሯት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስም ከሪፖርቱ ሳይሆን ከግልባጩ መውጣት አለበት፤ ጊዜውም ያው አራት ነጥቡ የሚታረምበት፣ ቅጂው ከመባዛቱ በፊት ያለው ሳምንት ነው።