የፈተና ወራትና የአሳዳጊ ድርሻ



በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ የምትገኘው ዘመሮ፣ እንደ መሐል ሜዳና እንደ ሞላሌ ሁሉ፣ ከዙሪያዋ የገጠር ቀበሌዎች ለሚመጡ ወጣቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መዳረሻ ናት። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ከቤታቸው በየቀኑ ተመላልሰው መማር አይችሉም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ሆነው በከተማዋ አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቦቻቸው ወጥተው በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ምግብ አብሳዩም፣ ልብስ አጣቢውም፣ አጥኚውም ራሱ ነው ማለት ነው። ስለ ፈተና ወራት የተጻፉ ብዙ ምክሮች ወላጅና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸውን እንደ ተረጋገጠ ነገር ቆጥረው ይነሳሉ። በገጠር የአገራችን ክፍል ግን ወላጁ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ልጁ የቲም ከሆነ ደግሞ የሚጠብቀው አሳዳጊ አያት ወይም አጎት፣ አንዳንዴም ታላቅ እህት ናት።

በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው፣ ከሩቅ ያለ አሳዳጊ ለተፈታኝ ልጁ ምን ሊያደርግለት ይችላል የሚለውን ነው።

አስቀድሞ የፈተናውን ምንነት ማወቅ ይገባል፤ ብዙ ወላጆች በልባቸው የያዙት የቀድሞውን ሥርዓት ነውና። ቀድሞ በ10ኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው አገር አቀፍ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። አሁን ልጁን የሚጠብቁት ዋና ዋና ፈተናዎች የ8ኛ ክፍል ክልል አቀፍ ፈተናና የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ናቸው። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ጥያቄዎች ግንቦት 2008 ዓ.ም. በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቅቀው ፈተናው መሠረዙ ይታወሳል። ከዚያ በኋላም ስርቆትና መኮራረጅ ባለመቆሙ፣ ከ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ እዚያው አድረውና ተመግበው፣ ስልክ ሳይዙ እንዲፈተኑ ተደርጓል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ በኮምፒውተር እየተፈተኑ ነው። ወደ መደበኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በቀጥታ ለመግባትም ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሹን ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ብቻ ከ1,300 በላይ ነበሩ። እነዚህን አኃዞች የምንጠቅሰው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበትን ፈተና ያላለፈ ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ሊሰደብ እንደማይገባ ለማሳየት ነው። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ጉድለት የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። በመንዝና በአካባቢው ደግሞ ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከዚያ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ትምህርት በብዙ ወረዳዎች ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። አንድና ሁለት ዓመት ከትምህርት ገበታ ርቆ የተመለሰ ልጅ ያመለጠውን ክፍል ሳይሞላ በ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ቢያፈጥ ብዙ አይጠቀምም። የ9ኛንና የ10ኛን የሒሳብና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ፈልጎ መስጠት፣ ከአዲስ አጋዥ መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ወላጁ እንመለስ። በደጋው መንዝ በልግ የሚዘራ ገበሬ ሰብሉን የሚሰበስበው በሰኔና በሐምሌ ነው። የመኸሩ እርሻም የሚጧጧፈው በዚያው ሰሞን ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና በሰኔ ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍሉም በቅርብ ዓመታት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ ሁለቱ ይጋጫሉ። «ሁለት ቀን ብቻ መጥተህ እርዳን» የሚል መልእክት ወደ ከተማ ይላካል፤ ሁለቱ ቀን ሳምንት ይሆናል። ለሴት ልጅ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። እርሷ ቅዳሜ ለስንቅ ስትወጣ ውኃ መቅዳቱም እንጀራ መጋገሩም ይጠብቃታል፤ ወንድሟ አርፎ ሲያጠና እርሷ እሑድ ማታ ደክሟት ትመለሳለች። ጉልበት የጎደለው የየቲም ቤተሰብ ልጁን ከሥራ ሙሉ በሙሉ ይልቀቀው ማለት ለእኛ ቀላል፣ ለአያቲቱ ግን ከባድ መሆኑን አንዘነጋም። ሆኖም ከፈተናው በፊት ያሉትን ስድስት ሳምንታት ብቻ ለይቶ፣ ልጁ ወደ ቤት እንዳይመላለስ፣ ይልቁንም ስንቁ ገበያ በሚወጣ ሰው እጅ እንዲላክለት ማድረግ ይቻላል። አንድ ለጋሽ በእነዚያ ሳምንታት የአንድ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ለቤተሰቡ ቢሸፍን፣ ለልጁ ደብተር ከመግዛት የበለጠ ዋጋ ያለው እርዳታ ሰጥቷል ብለን እናምናለን። የደብተር እርዳታ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፤ የሠራተኛ ዋጋ ግን ጊዜ ይገዛል።

ከስንቁ ጋር የሚታሰቡ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። የደጋው ሌሊት ብርድ ነውና ባና ወይም ወፍራም ጋቢ ያስፈልጋል፤ በኩራዝ ጭስ የሚያጠና ልጅ ዓይኑ ስለሚጎዳ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መብራት ቢገዛለት መልካም ነው። ልጁ ክፍሉን ከክርስቲያን ጓደኞቹ ጋር ተጋርቶ ሊሆን ይችላል፤ በመንዝ ደጋ ሙስሊም ቤተሰቦች በቁጥር ጥቂት ናቸውና። የሰኔ ጾም ሲገባ ጓደኞቹ ሽሮና ምስር ስለሚበሉ አንዱ ድስት ለሁሉም ይበቃል፤ ይህ በብዙ የተከራይ ክፍሎች ያለ መልካም ልማድ ነው። ቤቱን ያከራዩትን እማወራ ማወቅ፣ አንድ ጊዜ በአካል ሄዶ «ልጄን አደራ» ማለትም ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ሲታመም ቀድመው የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በትምህርቱ ምን ልረዳው እችላለሁ?» የሚሉ አሳዳጊዎች ብዙ ናቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ መሆኑ ይህን ስጋት አብሶታል። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። የቁርኣን ተማሪ ሉሑ ላይ የጻፈውን በቃሉ ለኡስታዙ ያሰማል እንጂ ሲያየው አይውልም፤ ትናንት የሐፈዘውንም ነገ ይከልሰዋል። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደጋግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ አንብበው መጽሐፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ደጋግመው እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት የተሻሉ መሰሉ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት ያስታወሱት 40 ከመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 ከመቶ ያህሉን አስታወሱ። ስለዚህ ያልተማረች እናት ልጇን «ዛሬ ምን አነበብክ? ለእኔ በሚገባኝ አማርኛ አስረዳኝ» ብትለው፣ የሚያስፈልገውን ነገር አድርጋለታለች። መጽሐፉን ዘግቶ ማስረዳት ካልቻለ ገና አላወቀውም ማለት ነው፤ ይህንንም እርሱ ራሱ ያውቀዋል። በስልክም ቢሆን አሥር ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ጊዜ «አጥንተሃል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ብትተወው ይመረጣል፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ነውና።

እንቅልፍን በተመለከተ ከብዙ ወላጆች ጋር እንለያያለን። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያደረ ልጅ በየቤቱ ይመሰገናል። በዚህ የዕድሜ ክልል ያለ ልጅ ግን በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚረጋውም በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከዒሻእ ሰላት በኋላ ጥቂት አጥንቶ የተኛ፣ ለሱብሒ ተነሥቶ ሰግዶ በጸጥታው ሰዓት መጽሐፉን የገለጠ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሲያሽ ካደረው የተሻለ ይዞ ይገኛል። የረመዳን ወር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሄድ በ2020 ዓ.ም. የሚጀምረው በጥር ወር አጋማሽ ገደማ ነው፤ ያም የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሰሞን ነው። ቤተሰቦች የተራዊሕንና የስሑርን ሰዓት ከልጁ እንቅልፍ ጋር የሚያጣጥሙበትን መንገድ ከወዲሁ ቢያስቡበት ይመረጣል።

ስለ ኩረጃ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። «የሰው መልስ ቢገለብጥ ምን አለበት፣ ሁሉም ያደርገዋል» የሚል አሳዳጊ አይጠፋም። ልጁን በሐላልና በሐራም መካከል አሳድጎ በፈተናው ደጃፍ ላይ ማሳት እጅግ ያሳዝናል። ከዚህም ሌላ በግቢው ውስጥ ስልክ ይዞ የተገኘ ተፈታኝ ውጤቱ ሊሠረዝበት ይችላል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካም በአንድ ቀን ይጠፋል።

ጉዞው ሲደርስ ብዙዎቹ ልጆች ከወረዳቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ከመንዝ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ በክረምት አድካሚ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ የመፈተኛ ካርድና የተማሪ መታወቂያ፣ ጥቂት የኪስ ገንዘብ፣ ለሴት ልጅም የንጽሕና መጠበቂያ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ይህን የመጨረሻውን አጎትም አያትም ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ልጅቷም አትናገርም፤ ስለዚህ አንዲት ሴት ዘመድ ወይም ጎረቤት ልትጠይቃት ይገባል። የምዝገባ ጉዳዮችም ቢሆኑ እስከ ሰኔ ሊቆዩ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃብ ምክንያት ለፈተናው መመዝገብ ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስከ መድረስ ደርሶ ነበር። የስም፣ የፎቶግራፍም ሆነ የአለባበስ ጥያቄ ካለ በምዝገባው ወር ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር ያሻል።

ውጤት በሚነገርበት ቀን ልጁ ብቻውን እንዳይሆን እንመክራለን። ውጤቱ በስልክና በኢንተርኔት ስለሚታይ፣ በተከራየው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የሚያየው ልጅ ብዙ ነው። ዝቅ ያለ ውጤት ያየ ልጅ ከሰው መሸሽ፣ አለመብላትና አለመተኛት ከጀመረ፣ ይልቁንም መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ፣ እንደ ቀልድ ሳይታይ ከጎኑ ሳይለዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግዴታ ነው። በዚያ ቀን ከአሳዳጊው አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ለዓመታት አይረሳም። መንገዱም ተዘግቶ አይቀርም። ከሃምሳ ከመቶ በታች ላመጡ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በሚወስነው መቁረጫ መሠረት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፤ በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተንም ይቻላል።

በመጨረሻም ለለጋሾች አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ብዙ የየቲም ድጋፍ መርሃ ግብሮች ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ይቋረጣሉ። ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ፣ ትምህርቱም በግጭት የተቋረጠበት የመንዝ ልጅ 18 ዓመት የሚሞላው 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ሳለ ነው። ድጋፉ የሚቆመው ከፈተናው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው ማለት ነው። በሸሪዓ የቲምነት የሚያበቃው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን በመድረስ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ሱረቱ ኒሳእ የየቲሞችን ገንዘብ ስለ መመለስ ሲናገር፣ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ብስለታቸውም እንዲታይ ያዝዛል፤ የልጁን ሁኔታ ሳይመለከቱ በዕድሜው ብቻ መዝገቡን መዝጋት ከዚህ መንፈስ ጋር የሚጣጣም አይመስለንም። የቀረው የኪራይና የስንቅ ወጪ ነው። ውጤቱ ከተነገረ በኋላም ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው የአውቶቡስ ዋጋ አለ። አንድ ልጅ የሚደግፉ አንባቢያን ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰና ድጋፉ በየትኛው ወር እንደሚያበቃ ማኅበሩን ቢጠይቁ፣ መልሱን ዛሬ ማግኘት ይችላሉ።