ባለ ዘውዱ ወፍና የሜዳ ፍየል

ገበሬዎች ሆይ፤ ከፎንቆ ዝቅ ብሎ በሻሾጎ በሚገኘው በቦዮ ረግረግ፣ በራሱ ላይ ወርቅ የሚመስል ላባ እንደ ዘውድ የቆመለት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ጥቁር ወፍ ይኖራል። ይህም ክሬን ከሚባሉት ወፎች ወገን ነው። ከዚያ በስተ ምሥራቅ በስምጥ ሸለቆ፣ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ግራንት የምትባለው የሜዳ ፍየል ትገኛለች። ሁለቱም ረጅም እግር ያላቸውና ሜዳ ወዳዶች ናቸው። ኑሯቸው ግን እንደሚከተለው ይለያያል።

1ኛ፤ ውሃ። የሜዳ ፍየል ከምትበላው ቅጠልና ሣር እርጥበት ስለምታገኝ ብዙ ቀን ውሃ ሳትጠጣ ትቆያለች። ወፉ ግን ጎጆውን የሚሠራው ውሃ በተኛበት ሣር መካከል ስለሆነ፣ ረግረጉ ከደረቀ መራቢያ የለውም።

2ኛ፤ ምግብ። የሜዳ ፍየል ሣርና ቅጠል በልታ ታመሰኳለች። ወፉ የሣር ዘር፣ ፌንጣና ትል ይለቅማል፤ የሚግጡ ከብቶችን እየተከተለ ከሣሩ የሚነሡትን ነፍሳት ይይዛል። የተዘራ እህል ሲያገኝም አይተውም።

3ኛ፤ ልጅ። የሜዳ ፍየል ሰባት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ትወልድና በሣር ውስጥ ትሸሽጋለች። ሴቷ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች፤ ከወንዱ ጋር እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያ መሸሸጊያቸው ሣሩ ብቻ ነው።

ከዚህ እንደምትረዱት የሜዳ ፍየል ሰፊ ሜዳ ትሻለች፤ ሜዳው ሲታረስና ግራሩ ለከሰል ሲቆረጥ መሄጃ ታጣለች። ባለ ዘውዱ ወፍ ግን በማሳ አጠገብ መኖር ይችላል። በዓለም ዙሪያ ለመጥፋት ከተጋለጡት አዕዋፍ አንዱ ስለሆነ፣ መቆየቱ በአብዛኛው በገበሬው እጅ ነው። ስለዚህ፦

ሀ. ረግረጉን እስከ ውሃው ዳር አትረሱ፤ ውሃውንም በቦይ አታፍስሱ። ዳር ዳሩን በሣር ብትተዉት ለወፉ ጎጆ፣ ለከብታችሁም የበጋ ግጦሽ ይሆናል።

ለ. ጫጩቶቹ ሳይበሩ ሣሩን አትጨዱ፤ እንቁላልም አታንሱ።

ሐ. ዘራችሁን አፈር በደንብ አልብሱት፤ ቡቃያው እስኪጠነክርም ወፉን በጩኸት አባርሩት እንጂ አትግደሉት።

መ. በመርዝ የተለወሰ እህል በማሳ ላይ አትበትኑ፤ ወፉን ብቻ ሳይሆን ዶሮአችሁንም ይገድላልና።

ፌንጣ የሚለቅም ወፍና በበጋ የማይደርቅ ግጦሽ አብረው የሚገኙት ረግረጉ ሲጠበቅ ነው።