ቀልቤን ማን ወሰደው?

«ቀልብ» ከ«ቀለብ» የወጣ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ድምፃቸው ተቀራርቦ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ቀልብ ዐረብኛ ነው፤ ፍቺውም ልብ። ሱቅ፣ ወረቀት፣ ሻማ፣ ሐኪም የምንላቸውም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ማንም እንግዳ አይላቸውም።

ሸዋ ለዐረብኛ ሩቅ አልነበረም። ከመንዝ ደጋ በስተምሥራቅ ገደሉን ሲወርዱት ቀወትና ይፋት ነው፤ ይፋት ደግሞ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሙስሊሞቹ የወላስማ ነገሥታት መንግሥት የቆመበት አገር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመንም ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው አንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ነበር። ከጨውና ከጨርቁ ጋር ቃልም አብሮ ደጋ ይወጣል።

እኔን የሚገርመኝ ቃሉ አማርኛ ሲገባ ሥጋውን ውጭ ጥሎ መግባቱ ነው። ለዐረቡ ቀልብ ማለት ደረት ውስጥ የሚመታው፣ ሐኪም የሚያክመው ልብ ራሱ ነው። እኛ ለዚያ ከጥንትም ልብ ነበረን፤ «ቀልቤን አመመኝ» ብሎ ሆስፒታል የሚሄድ የለም። ስለዚህ ቀልብ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ይሳባል፣ ይሰበሰባል፣ ይበተናል፣ ይሰረቃል። (በዐረብኛ የቃሉ ሥር መገላበጥ ነው፤ ልብ በዚህ ስም የተጠራው አንድ ቦታ ስለማይረጋ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሏቸው።)

መንዝ ውስጥ አንድ እረኛ ልጅ ጭላዳ በወንጭፍ ሲያባርር በጎቹ ዘወር ብለው የሰው ገብስ ገቡ እንበል። ባለ ገብሱ «አንተ ቀልበ ቢስ!» ብሎ ይጮኻል። እናትየው ደግሞ «ምን ያርግ ልጄ፣ ጭላዳው ቀልቡን ወስዶበት ነው» ትላለች። ከሳሹም ጠበቃዋም በአንድ ቃል ይሟገታሉ። ልጁ ራሱ «ተዘናጋሁ» ካለ ግን አለቀ፤ አባቱ ካሣ ይከፍላል። ተዘናጋ ከዘነጋ ነው፤ ዘነጋም የግእዙ ዘንግዐ ዘመድ ነው፤ እሱም አእምሮን መሳት ነው። እዚያ ጥፋቱ የራስ ነው፤ ቀልብ ግን ወሳጅ አያጣም። ሲብስማ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ደንግጦ የገረጣ ሰው «ቀልቡ ተገፏል» ይባልና ጸበል ይወሰዳል።

ለስልክስ የትኛው ይስማማል? በእኔ ፍርድ ኖቲፊኬሽኑ ጮኾ ከሥራዬ ካነሣኝ «ቀልቤን ወሰደው» ማለት መብቴ ነው፤ እነዚያን መተግበሪያዎች የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ የሚበሉት እኮ በሰው ቀልብ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ራሴ ከፍቼው ካነጋሁ ግን ተዘናግቻለሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች፣ እናንተ ጋ ከብቱን ጥሎ ለሚፈዝ እረኛ ምን ይባላል? የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉልኝ።