«ሳቂ» አትበሏት

ካሜራ በገዛሁ በሦስተኛው ሳምንት እንቁጣጣሽ ደረሰ። የስድስት ዓመቷን የእህቴን ልጅ፣ ሚጣን፣ ሐበሻ ቀሚስ አልብሰን፣ አደይ አበባ አስታቅፈን፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢው መሃል ገተርናት። እናቷ «ቀጥ በይ!»፣ አያቷ «ሳቂ እንጂ!»፣ እኔ «ወደዚህ እዪ!»። 27 ፎቶ አነሳሁ። በሁሉም ላይ ቀሚሷ እንደ ኖራ ነጥቷል፣ ዓይኖቿን ጥላ ውጧቸዋል፣ ከንፈሯ መርፌ እንደሚጠብቅ ልጅ ተጣብቋል።

በካሜራው ላይ አላከክሁ። ጥፋቱ ግን የሰዓቱና የእኛ ጩኸት ነበር። በመስከረም አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ነች፤ የግንባር ጥላ ቁልቁል ዓይን ላይ ይወድቃል።

አስር ሰዓት ላይ እንደገና ሞከርሁ። ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጌ አስቀመጥኋት። ፀሐይ አይነካትም፤ የግቢው ብርሃን ግን ፊቷ ላይ ለስልሶ ያርፋል። ከዚያ ቄጤማው ላይ በደረቴ ተኛሁ። ልጅን ከላይ ወደ ታች ስናነሳ ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ እግሩ ያጥራል፤ ዓይን ለዓይን ስንሆን ግን ሰው ይሆናል። (ሱሪዬ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።)

የመጀመሪያው ፎቶ ፊቷን አጨለመው። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የተረፈ ይመስለዋል፤ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ጨመርሁለት። በስልክ የሚያነሳም ፊቷን ነካ አድርጎ ጣቱን ወደ ላይ መሳብ ነው። ፎከሱን ወደ እኔ በቀረበው ዓይኗ ላይ አደረግሁ፤ ፍጥነቱን 1/250 ሰከንድ፣ አይሶውን (ለብርሃን ያለውን ትብነት) 800። በዚህ ምስሉ ትንሽ ቢሻክርም ከሚንቀጠቀጥ ይሻላል። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ 55 ላይ አድርጌ ሁለት ሜትር ያህል ራቅሁ፤ 18 ላይ ተጠግቶ ማንሳት አፍንጫ ያሳብጣል።

የቀረው ጩኸታችን ነበር። እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ነው። በቀጣዩ ዓመት «የመጀመሪያ ስኬቴ» ያለችው ፎቶ አኒ የምትባል ልጅ ምስል ነበር። በዚያ ዘመን ልጅ ለሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። የኛ ካሜራ በዓይን ጥቅሻ ይጨርሳል፤ እኛ ግን ዛሬም «አትንቀሳቀሺ» እንላለን።

ስለዚህ ዝም አልሁ። «አደዩን በእንግጫ እሰሪልኝ» ብዬ ሥራ ሰጠኋትና ደጋግሜ አነሳሁ። ለአስር ደቂቃ ያህል ረሳችኝ። «ጋሼ፣ አልታሰር አለኝ!» ስትል ብቻ ቀና አለች።

እህቴ አሳጥባ ሳሎን የሰቀለችው ቀና ያለችበትን አይደለም። አንገቷን ደፍታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ከእንግጫው ጋር የምትታገልበትን ነው።