ለቆየ የኤሌክትሪክ ጊታር ምትክ ፒክአፕ ስለ መምረጥ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕድሜ ጠገብ በሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ያለው ፒክአፕ ሲበላሽ፣ ወይም ባለቤቱን ሳያስደስተው ሲቀር፣ ምትኩ በምን መመዘኛ ሊመረጥ እንደሚገባ ማስረዳት ነው። ነገሩ የሙዚቀኞች ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በመሠረቱ ግን የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ ደግሞም የቆየ ዕቃን ስለ መጠበቅ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ያለ ጥናት የተደረገ ለውጥ የአንድን መሣሪያ ድምፅ ለዘለቄታው ሊያጠፋው ይችላልና። ለምሳሌ የመረጥነው የፌንደር ኩባንያ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሠራውን ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር፣ በተለይም በ1960ዎቹ የተሠራውን ነው።

ፒክአፕ ማለት የክርን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ አነስተኛ መሣሪያ ነው። በስትራቶካስተር ላይ ሦስት ይገኛሉ፤ አንዱ በአንገቱ በኩል፣ ሁለተኛው በመካከል፣ ሦስተኛው ክሮቹ በሚያርፉበት በብሪጁ አጠገብ። እያንዳንዱ ስድስት ዘንግ መሰል ማግኔቶች አሉት፤ በእነዚህም ዙሪያ እንደ ሰው ጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ወደ 8,000 ዙር ያህል ተጠንጥኗል። ማግኔቱ ከበላዩ ባለው የብረት ክር ላይ ማግኔትነት ያሳድርበታል። ክሩ ተመትቶ ወዲያና ወዲህ ሲል በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኀይል ይለዋወጣል፤ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በደረሰበት ሕግ መሠረትም በሽቦው ላይ አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ከዚህ እንደምንረዳው ፒክአፑ የሚሰማው ማግኔት የሚስበውን ክር ብቻ ነው። የጅማት ወይም የናይለን ክር ያለው ክራር ከዚህ ዐይነት ፒክአፕ ጋር ቢገናኝ ዝም የሚለው፣ የብረት ክር ሲገባለት ግን የሚናገረው ስለዚህ ነው።

ምትክ ከመፈለግ አስቀድሞ የቀድሞው ፒክአፕ በእርግጥ መበላሸቱን ማረጋገጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፒክአፑ ሳይሆን ከከፍታው ነው። ማግኔቶቹ ለክሮቹ እጅግ ከቀረቡ ክሩን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡት፣ በተለይ የወፍራሞቹ ክሮች ቃና ይዛባል፤ ሰሚውም ጊታሩ አልቃኝ ያለ ይመስለዋል። ለዚህ መድኀኒቱ በግራና በቀኝ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ አላልቶ ፒክአፑን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ አዲስ መግዛት አይደለም። ነገር ግን ማግኔቶቹን አንድ በአንድ በጣት መግፋት ፈጽሞ አይገባም፤ በእነዚህ ፒክአፖች ሽቦው የተጠነጠነው በቀጥታ በማግኔቶቹ ላይ በመሆኑ፣ ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ ቀጭኑን ሽቦ ሊበጥሰው ይችላል።

ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ በቴስተር መለካት ያስፈልጋል። ቴስተሩ በሁለቱ መውጫ ሽቦዎች መካከል ምንም ግንኙነት ካላሳየ፣ በመጀመሪያ ሽቦው ከመውጫው ጋር በስታኞ የተያያዘበት ቦታ መላቀቁን መመርመር ይገባል። እዚያ ደኅና ከሆነ ሽቦው በውስጥ ተበጥሷል ማለት ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን፣ የቀድሞዎቹን ማግኔቶችና ማጠንጠኛ ሳይለቁ አዲስ ሽቦ ማስጠንጠን የሚቻል ስለ ሆነ፣ የሞተ ፒክአፕ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

እንግዲህ ምትክ መግዛት የግድ ቢሆን፣ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ሬዚስታንሱን፣ ማለት ሽቦው የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበትን መጠን ነው። የስትራቶካስተር ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ወደ 6,000 ኦም ያሳያል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፒክአፑ ኀይለኛ ነው የሚለው እምነት በሰፊው ተሠራጭቷል። እኛ ግን ይህ መመዘኛ ብቻውን አሳሳች ነው እንላለን። አንደኛ፣ የመዳብ ሬዚስታንስ በሙቀት ምክንያት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመቶ 0.39 ያህል ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ 6,000 ኦም የነበረው ፒክአፕ በ30 ዲግሪ ወደ 6,240 ኦም ገደማ ይደርሳል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥር 42 የተባለውን ሽቦ በቁጥር 43 ብንተካው፣ ሁለተኛው ይበልጥ ቀጭን በመሆኑ፣ የዙሩ ቁጥር ሳይጨምር ሬዚስታንሱ በሩብ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ሬዚስታንስ ሽቦው አለመበጠሱን ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ የድምፅን ጠባይ አይናገርም።

የድምፁን ጠባይ በይበልጥ የሚወስነው ኢንዳክታንስ ነው። ይህም ጥቅሉ የኤሌክትሪክን መለዋወጥ የሚቋቋምበት ባሕርይ ሲሆን፣ የሚለካው በሄንሪ ነው፤ የዙሩ ቁጥር ሲበዛ ይጨምራል። ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ደግሞ ካፓሲታንስ አለው፤ ለአንድ ሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ የአምስት ሜትር ገመድ 500 ፒኮፋራድ ይሆናል። ሁለቱ ተባብረው አንድን የድምፅ ክልል ከሌላው አጉልተው ያሳያሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ይቀንሱታል። በዚህ ገመድ ስናሰላው፣ 2.4 ሄንሪ የሆነ የቀድሞ ስትራቶካስተር ፒክአፕ ጉልህ የሚሆነው በ4,600 ሄርዝ ገደማ ነው። 4.5 ሄንሪ የሆነው ወደ 3,350፣ 8 ሄንሪ የሆነው ደግሞ ወደ 2,500 ሄርዝ ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥርት ብሎ እንደ ደወል ሲያስተጋባ፣ የመጨረሻው ወፍራምና ድፍን ይሆናል። ስለዚህ ኀይል ይጨምራል ተብሎ ብዙ ዙር ያለው ፒክአፕ ሲገባ፣ የዚህ ጊታር መታወቂያ የሆነው ጥራት አብሮ ይሄዳል።

ማግኔቱም ሊታሰብበት ይገባል። በ1960ዎቹ ስትራቶካስተር ላይ የሚገኘው አልኒኮ 5 የሚባለው የአሉሚኒየም፣ የኒኬል፣ የኮባልትና የብረት ቅይጥ ነው። አልኒኮ 2 ከዚህ ደከም ያለ በመሆኑ ክሩን አጥብቆ አይስብም፤ ድምፁም ለስለስ ይላል። ከዚህም ሌላ የቀድሞዎቹ ማግኔቶች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ ለሦስተኛው ክር የተመደበው ከፍ ያለ ነው። በዚያ ዘመን ሦስተኛው ክር ሽቦ የተጠመጠመበት ወፍራም ክር ስለ ነበር ይህ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን በአብዛኛው ልሙጥ ክር ስለሚታሰር፣ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ጮኾ ይሰማል። የታሪኩን ታማኝነት የሚፈልግ የቀድሞውን ቁመት ይምረጥ፤ ለዕለት ጨዋታ የሚፈልግ ግን እኩል ቁመት ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለሚተካ ሰው የአቅጣጫ ነገር አለ። የአዲሱ ሽቦ የተጠነጠነበት አቅጣጫ ከቀሩት ተቃራኒ ሆኖ ማግኔቱ ግን ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሁለት ፒክአፖች አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሽረዋል፤ የሚቀረውም የሳሳ ድምፅ ነው። እስከ 1977 ድረስ የስትራቶካስተር መምረጫ ሦስት ማረፊያ ብቻ ነበረው፤ ሆኖም ተጫዋቾች በሁለት ማረፊያ መካከል አቁመው ሁለቱን በአንድነት ማሰማት ለምደው ነበር። ስለዚህ ሳይገዙ አቅጣጫውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሽቦውም ማግኔቱም ሁለቱም ተቃራኒ የሆኑ እንደ ሆነ ግን፣ የክሩ ድምፅ ይደመራል፤ ከኤሌክትሪክ መሥመር የሚመጣው ጉርምርምታ ብቻ ይሻራል።

ይህ ጉርምርምታ በአገራችን የ50 ሄርዝ መሥመር ያለበት ሁሉ የሚሰማ ነው። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ይህንኑ ዘዴ በአንድ ፒክአፕ ውስጥ በሁለት ጥቅሎች አድርጎ ሠራ፤ የባለቤትነት ማመልከቻውን በ1955 አቅርቦ በ1959 ተፈቀደለት። ሃምባከር የሚባለው ይህ ፒክአፕ ሰፊ በመሆኑ፣ በስትራቶካስተር ላይ ለማግባት ብዙ ሰዎች እንጨቱን ቦርቡረዋል። የተቦረቦረ እንጨት ግን ተመልሶ አይሞላም። ጉርምርምታው የሚያስቸግረው ሰው፣ ሁለት ጥቅሎች አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡበትና መጠኑ ከቀድሞው ጋር እኩል የሆነ ፒክአፕ ስለሚገኝ፣ መጋዝና መሮ ሳያነሣ ችግሩን ሊያቃልል ይችላል።

በአጭሩ ለመጠቅለል፣ በመጀመሪያ ከፍታውን ማስተካከል፣ ቀጥሎ መለካት፣ የሚቻል ከሆነ ማስጠንጠን፣ ካልሆነ ደግሞ ኢንዳክታንሱ፣ ማግኔቱ፣ አቅጣጫውና መጠኑ ከቀድሞው ጋር የተቀራረበ ምትክ መምረጥ ይገባል። 250,000 ኦም የሆኑት የድምፅ መቆጣጠሪያዎችም የድምፁ ክፍል ናቸውና ከነበሩበት አይነሡ። የወጣው ፒክአፕ ከነብሎኑ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የወጣበት ቀንና ቦታ ተጽፎበት፣ ከጊታሩ ጋር ይቀመጥ። በእኛ አስተያየት የመልካም ጥገና ምልክቱ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባለቤት በሐሳባችን ባይስማማ የሠራነውን መልሶ ለመፍታት መቻሉ ነው።