ጐተራ የሌለው የእህል ነጋዴ

እህል ነግዶ ማትረፍ የሚሻ ሰው ከጥንት ዠምሮ የሚያስፈልገው ጐተራ፣ ጆንያና ማጓጓዣ ነበር። ዛሬ ግን በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ደመወዝተኛ፣ ያገራችንም ሰው ቢሆን፣ እቤቱ ተቀምጦ «ስንዴና በቆሎ ገዛሁ» ሊል ይችላል። ይህን ያስቻለው ኢ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው፣ እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ የጋራ ገንዘብ ወይም ፈንድ ነው። ዳሩ ግን ይህ ሰው በእርግጥ የገዛው እህል ነውን? «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ መልሱን ከመነሻው እንፈልገው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከኦሳካ እስከ ቺካጎ

በጃፓን አገር መሳፍንቱ ከገበሬው የሚቀበሉትን የሩዝ ግብር በኦሳካ ከተማ መጋዘኖች እያከማቹ ይሸጡ ነበር። ገዢው ሩዙን ወዲያው በማንሳት ፈንታ ወረቀት ይቀበላል፤ ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ቆይቶም ሩዝ ሳይነሳ በዋጋው ላይ ብቻ መዋዋል ተለመደ። መንግሥት በ1730 ይህን የዶጂማ ገበያ በይፋ ፈቀደ፤ ገበያውም እስከ 1939 ቆየ።

በአሜሪካ ደግሞ የቺካጎ የንግድ ቦርድ በ1848 ተቋቋመ። በዚያ የአንድ የሩዝ ውል መጠን ከነገለባው 200,000 ፓውንድ፣ ማለት 90 ቶን ያህል ነው። ይህ ለተራ ሰው ስለሚከብድ፣ ፈንዶች የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው የእህል ውሎችን ይይዛሉ። ከታወቁት አንዱ በ2007 የተከፈተው፣ ዛሬ ኢንቬስኮ የሚያስተዳድረው የእርሻ ምርት ፈንድ ነው። ሲዠምር በቆሎ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ስኳር ነበሩበት፤ በኋላም ቡና፣ ካካዎ፣ ጥጥና የቁም ከብት ተጨመሩ። ሩዝ ግን አልገባበትም። ስለዚህ «የእርሻ ፈንድ» የሚለውን ስም ብቻ አይቶ የሩዝ ባለቤት ሆንሁ ማለት አይገባም።

ገንዘብ የሚበላ ቀጠሮ

ፈንዱ የሚይዘው እህል ሳይሆን የቀጠሮ ውል ነው። ውሉ የመረካከቢያ ጊዜ ስላለው፣ ፈንዱ ቀኑ ሳይደርስ ሸጦ ቀጠሮው የራቀውን ይገዛል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የቅርቡ ውል 100 ዶላር፣ የሩቁ 103 ዶላር ነው እንበል። ቀኑ ሲቃረብ የእህሉ ዋጋ እዚያው 100 ላይ ከቆየ፣ በ103 የተገዛው ውል 100 ብቻ ያወጣል። ይህ በዓመት አራት ጊዜ ቢደጋገም፣ እህሉ ምንም ሳይረክስ ባለገንዘቡ ከመቶ 11 ያህል ይከስራል፤ የአስተዳዳሪው ዋጋም በላዩ አለ። በአንጻሩ የሩቁ ውል ከቅርቡ ረክሶ ሲገኝ ልዩነቱ ትርፍ ይሆናል።

የሩዝ ጠባይ

በዓለም ከሚመረተው ሩዝ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ መንግሥት ትእዛዝ ገበያውን ያናውጠዋል። ሕንድ በ2007 መጨረሻ ወደ ውጭ የምትልከውን ሩዝ ስትገድብ ገዢ አገሮች ተሻሙ፤ የታይላንድ ሩዝ በ2008 በቶን ከ1,000 ዶላር በላይ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ግማሹ ግድም ወረደ። ሕንድ በ2023 ባስማቲ ያልሆነውን ነጭ ሩዝ ከለከለች፤ በ2024 መልሳ ፈቀደች። ወሬውን በጋዜጣ አንብቦ የሚሮጥ ሰው ገበያ የሚደርሰው ዋጋው ከወጣ በኋላ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንባቢ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በፈንዱ ውስጥ ያለው የየትኛው እህል ውል ነው? የሩቁ ውል ከቅርቡ ይወደዳልን? አስተዳዳሪውስ በዓመት ስንት ይወስዳል? መልሱን አግኝቶ፣ ቢጠፋ ቤቱን የማያናጋ ጥቂት ገንዘብ ቢያውል ነውር የለበትም። ለልጆች ትምህርት የተቀመጠውን ማንሳት፣ ይልቁንም ተበድሮ መግባት ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ነው።