ዶሮንና እንቁላልን በመልክ ስለ መለየት

በአገራችን ገበያ የሀበሻ እንቁላል ከፈረንጁ ይልቅ እንደሚወደድ የታወቀ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ለሚገኘው ሻጭና ገዢም ሁለቱን አጣርቶ መለየት የጥቅም ጉዳይ ነው። ነገር ግን በቅርፊቱ ቀለም ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል።

የሀበሻ ዶሮ ላባዋ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ ወይም ወሰራ ሊሆን ይችላል፤ እንቁላልዋም ከነጭ እስከ ፈዛዛ ቡናማ ይለያያል። ከፈረንጆቹ ወገን ነጭ ሌግሆርን ነጭ እንቁላል ስትጥል፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ቦቫንስ ብራውንና በደቡብ አፍሪካ የተዳቀለችው ባለ ሽንትር ላባ ኮኮክ ቡናማ ይጥላሉ። እንግዲህ ነጭ ቅርፊት ለሀበሻነት ምስክር አይሆንም።

ከቀለሙ ይልቅ ክብደቱ ይረዳል፤ የሀበሻው 40 ግራም ያህል ሲመዝን የቦቫንስ ብራውን 60 ግራም ይደርሳል። ሆኖም የፈረንጅ ቄብም መጀመሪያ የምትጥለው ትንንሹን ስለ ሆነ፣ ይህም ብቻውን አይበቃም። የቅርፊት ቀለም ከዘር የሚመጣ እንጂ ጣዕምን የሚለውጥ አይደለም፤ የአስኳሉ ቢጫነትም በመኖው ይወሰናል።

ጫጩት ገዢም ሊጠነቀቅ ይገባል። የአንድ ቀን ቦቫንስ ብራውን ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ይህን ሳያስተውል የገዛ ሰው እንቁላል ሲጠብቅ ወራቱን ሙሉ አውራ ዶሮ ሲቀልብ ይኖራል።

ስለዚህ ገዢው ዶሮዋን ራሷን አይቶ፣ ሻጩም ዘሯንና የመጣችበትን ስፍራ በእውነት ነግሮ ቢገበያዩ፣ ንግዱ በመተማመን ይጸናል።